ምሳ ደርሷል ያልኩ ቀን

ደስ ብሎኛል! ህንዳዊው የሳይንስ መምህራችን የትምህርት ቤታችንን የፎቶግራፍ ክፍል ቁልፍ ዛሬ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከእንግዲህ ፊልም የማጥበው እኔ ነኝ። ክፍሉን ስከፍት ግን ያ የፊልም ማጠቢያው የኮምጣጤ ሽታ መልሶ የስድስት ዓመት ልጅ አደረገኝ።

እዚሁ መቱ ከተማ፣ አጎቴ ጋሼ ተሰማ የዕቃ ቤታችንን መስኮት በብርድ ልብስ ደፍነው ፊልም ያጥባሉ። ማጠቢያው ሳህን ውስጥ ባለው ፊልም ላይ ያለው የጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ ልጅ ነው። ፎቶ በተነሳ በሳምንቱ ሞተ፤ ሌላ ፎቶ የለውም። እናቱ ለአርባው ይዘውት ሊያለቅሱ ይጠብቃሉ።

እኔ "ጋሼ፣ ምሳ ደርሷል!" ብዬ በሩን በረገድኩት። ብርሃን ገባና ፊልሙ ተቃጥሎ ከል መሰለ።

ጋሼ አልመቱኝም። እርጥቡን ፊልም እጄ ላይ አኖሩና፣ "የገደልሽው አንቺ ነሽ፤ መርዶውንም አንቺው ንገሪ" አሉኝ።

እትዬ ጫልቱ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስተው አገላበጡት። "ኢልማ ኮ! ልጄ የታለ?"

"በሩን ከፈትኩት" አልኩ።

"ተይው፤ ለእኔም እንዲህ ጠቁሮ ነው የሚታየኝ" አሉ። ያኔ አልገባኝም።

በአርባው ያንኑ ጥቁር ፊልም ከፍ አድርገው አለቀሱ። ጋሼ ከለቀስተኛው መሀል በጣታቸው እኔን ያሳያሉ።

ጓደኞቼ፣ እሑድ ከሰዓት ኑ፣ ፎቶ ላንሳችሁ፤ ለየእናቶቻችሁም ሁለት ሁለት አጥባለሁ። በሩ ዝግ ከሆነ ግን፣ አደራ፣ ምሳ ቢደርስም አንኳኩ።