አጎቴ ራሳቸው የተናገሩትን እንዳያዩ የተከለከሉበት መዝገብ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... አጎቴን አያ ዳኘውን ይዤ ከቢቸና ሞጣ ሄድኩ። አምና በረዶ ማሳቸውን መታውና ከአባታቸው የወረሱት ጥቁር ገብስ ለዘር እንኳ ሳይተርፍ ቀረ። ጎረቤት ጋ የለም፤ ሁሉም ትቶታል።

ታዲያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከዓመታት በፊት የአገር ዘር የሚመዘግቡ ሰዎች መጥተው ስለዚሁ ገብስ ሁለት ቀን ሙሉ አስወርተዋቸው ነበር። «ሞጣ አካባቢም አንድ ገበሬ ጋ አግኝተነዋል» ብለዋቸዋል። መዝገቡም ያለው እዚያው ሞጣ ቢሮ ነው።

ቢሮው ስንደርስ ባለሙያው መዝገቡን ገለጠና... እኛ አንገታችንን ስናሰግግ በክንዱ ሸፈነው! ፈተና እንዳይኮረጅበት የፈራ ተማሪ ነው የመሰለኝ።

«ማን ጋ እንደተገኘ ብቻ ንገረን» አልኩት።

«አይቻልም። መዝገቡ የቅጂ መብት አለው።»

አያ ዳኘው ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጽሑፉ የመሥሪያ ቤቱ ነው ማለት ነው፣ አባት። ለማንም አናጋራም።»

«ጽሑፍ ምን ያደርግልኛል? ጽሑፍ አልዘራ! ሰውየውን ነው የጠየቅሁህ።»

«ሰውየው ስሜን አትንገሩ ብሏል?» አልኩ እኔ።

«አላለም... ግን ያው ነው።»

ያው ነው! የተማረ ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚለው።

አያ ዳኘው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ገብሱ መቼ እንደሚዘራ፣ ምን ዓይነት መሬት እንደሚወድ፣ ለአራስ ለምን እንደሚመረጥ አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። ባለሙያው ገጹን በጣቱ ተከተለ። ቃል በቃል ያው ነው!

«ይሄን ከየት አገኙት?» አለ ደንግጦ።

«የነገርኋቸው እኔ ነኛ! በል የእኔን ቃል መልስና የቀረውን ያዝ። ማኅተሙ ይበቃሃል።»

አፈረ? ምን በወጣው! «ማመልከቻ ያስገቡ» አለን።

ወጥተን ገበያ እህል የሚሸጡ ሴቶችን ጠየቅን። ሦስተኛዋ «አማቼ ጋ አለ» ብላ በባጃጅ ወሰደችን። አማቷ አንድ ቁና ሙሉ ሰፍረው ሰጡን። አያ ዳኘው አጎንብሰው ሲያመሰግኑ እንባቸው መጣ።

«እንዴ! ዘር ይከለከላል?» አሉ ሰውየው ተገርመው።

ዘር እንኳ ሲቀበር ይበቅላል... እነዚህ መዝገብ ውስጥ የቀበሩት ግን ምን ሊያበቅል እንደሆነ እንጃ።