ኹርሲ ቤቷን የነቀለች ዕለት

ሮብሌ መሬት ነበረው፤ ቤት ግን አልነበረውም። ቤቱ የሚስቱ የኹርሲ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የድንጋይ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ከመጋላ ሰፈር በላይ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር በነበረችው በዚያች ትንሽ የሶማሌ መንደር ግን ማንንም አያስቅም። ሴት ስታገባ ቤቷን በግመል ጭና ነው የምትመጣው። ቅስት እንጨቱም፣ ምንጣፉም፣ ገመዱም የእሷ ነው። ባልየው የሚያመጣው ከብቱንና ራሱን ነው።

የኹርሲን ቤት ደግሞ እንዲሁ አይታችሁ እንዳታልፉት። ገና ልጃገረድ ሳለች ከእናቷ ጋር የግራር ልጥ ልጣ፣ ልጡን አኝካ አለስልሳ፣ ቃጫውን ፈትላ ነው ምንጣፎቹን የሠራቻቸው። አዎ፣ አኝካ! ቤቷን በጥርሷ ሠራችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሮብሌ በጫጉላው ሰሞን ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ፣ "ይህን ሁሉ ያኘከችው ይህቺ ቀጭን ሴት ናት?" እያለ በልቡ ይደነቅ ነበር። ለእሷ ግን አንድም ቀን አልነገራትም። ወንድ ነዋ!

ጣሊያን ለቆ ከወጣ በኋላ ሮብሌ ባቡር ጣቢያ ጭነት ማውረድ ጀመረ። እዚያ ያገኛቸው ጓደኞቹ ወሬያቸው ሁሉ መሬት ነው። እገሌ ገዛ፣ እገሌ አጠረ፣ እገሌ የድንጋይ ቤት መሠረት ጣለ። የሮብሌም ልብ ተነሣ። ግመሎቹን ሸጦ፣ ለኹርሲ ቤት መጫኛ አንዲቷን ብቻ አስቀርቶ፣ ወንዙ ዳር ከሁሉም ዝቅ ብላ ያለችውን ቁራሽ መሬት ሽማግሌዎች ባሉበት ገዛ። ጥቁር፣ ለም፣ የጣሉበትን ሁሉ የሚያበቅል ደለል ነበር። ኹርሲ አፈሩን በእጇ ዘግና አየችውና፣

"ይሄን ያመጣው ወንዙ ነው። አንድ ቀን መጥቶ የኔ ነው ቢልህ ምን ትለዋለህ?" አለችው።

"ሽማግሌዎቹን እጠራበታለኋ!" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ሮብሌ አፉን ሲከፍት የሚወጣው "መሬቴ" የሚል ቃል ብቻ ሆነ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎረቤቶቹ ቤታቸውን እየነቀሉ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። እሱ አልነቃነቅም አለ። ጭራሽ ዙሪያውን በድንጋይ ይክብ ጀመር። ኹርሲ እንደ ሰው እንውጣ ብላ በለመነችው ቁጥር ይቆጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሊመለስ የማይችል ቃል ተናገራት።

"ቤት ማለት የማይነቀል ነው። ያንቺማ ቅርጫት ነው።"

ኹርሲ የላላ ገመድ ልታጠብቅ ወደ ቤቷ ዞረች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ወንዙ የሚነሣበት፣ በሐረር በኩል ያለው ተራራ ግን ከል የለበሰ መስሏል። ሮብሌ ድንጋይ እየካበ ሳለ ኹርሲ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ተራራው ጠቁሯል።"

"ይጥቆር። እዚህ ጠብታ ወርዷል?"

"እንነሣ፣ ሮብሌ።"

"እኔ መሬቴ ላይ ነኝ። የምትሄጂ ከሆነ ያንቺ የሆነውን ይዘሽ ሂጂ!"

ብሎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ከጀርባው ገመድ ሲፈታ ሰማ። ዞር ቢል ምንጣፎቹ ወርደዋል፤ ኹርሲ ቅስቶቹን አንድ በአንድ ከመሬት እየነቀለች ነው።

እዚህ ላይ የመንደሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሴቶቹ ሁሉ አብረው ቤት ከነቀሉ የጉዞ ወይም የጎርፍ ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ባሏ ቁጭ ብሎ እያየ ከነቀለች ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ትታው ወደ ወገኖቿ መሄዷ ነው። ያን ጊዜ ባል አይከተልም፣ አይለምንም። ሌላ ቀን ሽማግሌ ይልካል። በዚያች ሰዓት ሚስቱን ተከትሎ የሮጠ ወንድ በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም።

ከዳገቱ ላይ ጎረቤቷ ፋዱሞ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ "ወይኔ! ኹርሲ ባሏን ጣለችው!" ስትል ድምጿ እታች ድረስ ተሰማ። ሮብሌም የገባው እንደዚያው ነው። ሂጂ ያላት ራሱ ነው፤ ሄደች። ፊቱን አዙሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ማስቀመጡን ቀጠለ። ግመሏ እያጉረመረመች ስትነሣ ሰማ። ኮቴዋ ራቀ። ከዚያ ነፋሱ ጀርባውን መታው፤ እስከዚያ ቀን ቤቱ ከልሎለት ኖሯል ለካ። "መሬቴ" አለ ድምፁን አሰምቶ። ምንም አላጽናናውም። ኹርሲን ይወድ ነበር፤ በጣም ይወዳት ነበር።

ከወንዙ ላይኛው በኩል ድምፅ መጣ። በመጀመሪያ የጭነት ባቡር መሰለው። ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ ደረሰ፤ ምን እንደሆነም ገባው። ቢሮጥ ይደርሳል። ግን ወዴት ይሩጥ? ዳገቱ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ መንደሩም በሙሉ ቆሞ ያያል። ሚስቱን ተከትሎ ሮጠ ከሚባል... ሮብሌ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ጅልነት ነው በሉት፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ሰው ሲሮጥ ሰማ። ቀና ሳይል የኹርሲ እግር ፊቱ ቆመ።

"ምን ረስተሽ ነው?" አላት።

"አንተን።"

"ትተሽኝ ሄደሽ የለ እንዴ?"

"ማን ነው ያለው? ጎርፍ እየመጣ ቤቴን ላስበላ? ያንቺ የሆነውን ይዘሽ ሂጂ አላልክም? ተነሣ አቦ!" ብላ እጁን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ጎተተችው።

ተነሣ። ዳገቱን አጋምሰው ሲዞሩ ውኃው መጣ። ውኃ አይመስልም ነበር፤ ቡናማ ግድግዳ ነው፣ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ የሚሄድ። ሥሩ ከነአፈሩ የተነቀለ ትልቅ ዛፍ እንደ ቆመ አለፈ። ከበላዩ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የሮብሌ ካብ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ጠፋ። ከዚያ መሬቱ ራሱ፣ ያ ጥቁር ደለል፣ እየተቆረሰ ይገባ ጀመር። ዳገቱ ላይ ከቆሙት መካከል ሽማግሌው ዐብዱላሂ፣ ሽያጩን የመሰከረው ራሱ፣ "ሱብሓነላህ" አለ በቀስታ። ጀንበር ስታዘቅዝቅ፣ የኔ ነው ብለው በጣት የሚያሳዩት ዳርቻ አልቀረም።

ሮብሌ የሚያየው ግን ወንዙን አልነበረም። ኹርሲ ጭነቷን አውርዳ ቅስቶቹን ድንጋያማው ዳገት ላይ እየተከለች ነበር። እነዚያ እጆች አሁን ከሞት የጎተቱት ናቸው፤ ምንም እንዳልሆነ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ከምን ዓይነት ሰው ጋር ነው የኖርኩት አለ በልቡ፤ እንባው መጣ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

"ኹርሲ" አላት ፈራ ተባ እያለ፤ "ስትጨርሺ ልግባ?"

አላየችውም። ነፋሱ ምንጣፉን እየነጠቀ ያስቸግራታል።

"ና፣ ይሄን ገመድ ያዝልኝ" አለችው።

በዚያ መንደር ወንድ የቤት ገመድ አይነካም፤ የሴት ሥራ ነው። ዐብዱላሂ ያያል፣ ፋዱሞ ታያለች፣ ወንዶቹ ሁሉ ያያሉ። ሮብሌ ገመዱን ተቀብሎ፣ ቋጥራ እስክትጨርስ ድረስ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘላት።