መስኮቡ ሐኪም ያጻፉኝ ታሪክ

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ ለባላገር ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር የምተዳደረው። አንድ ቀን ሆጤ ሰፈር የሚኖሩ አንድ መስኮብ፣ ማለትም የሩሲያ ሰው፣ ሐኪም አስጠሩኝ። የአገራቸውን አብዮት ሸሽተው የመጡ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ መጻፍ ግን የማይችሉ ሰው ነበሩ።

«ታሪክ አለኝ፤ እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ» አሉኝ።

ታሪኩ ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በአንዲት ከተማ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የመዳብ ጆሮ ተተክሏል፤ ንግግር ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ይሰማል። ዳቦ ሲጠፋ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ጠገብን!» እያለ ያጨበጭባል። አንድ አባት እራት ላይ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ምሽት ጆሮው ሳይሰማው ቢቀር እንኳ የገዛ ልጁ ሄዳ ለሹሞች ነገረችበት። ሸለሟት።

ብዕሬን አቁሜ «ጌታዬ፣ ይህን እንዴት አሰቡት?» አልኳቸው።

«ጆሮውን እኔ ፈጠርኩት» አሉ። «ልጅቷ ግን የወንድሜ ልጅ ናት።»

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስገባ ግድግዳውን የማየት አመል አመጣሁ። ሚስቴ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ «ቀስ በይ» እላታለሁ። ጎረቤታችንን ጣሊያኖች የወሰዱት ሰርግ ቤት በተናገራት አንዲት ቃል ነበርና ፍርሃቴ ከታሪኩ ብቻ የመጣ አልነበረም።

ታሪኩን የምጽፍበት ደብተር ሲሞላ ሐኪሙ ኮምቦልቻ ላለ ወዳጃቸው እንዳደርስ ላኩኝ። ቁልቁለቱን ወርጄ ኬላው ላይ ስደርስ ወታደሮቹ ፈተሹኝ። አስተርጓሚው ሁለት ገጽ አንብቦ ለጣሊያኑ ሹም ነገረው። ሹሙ መጀመሪያ ሳቀ፤ ስለ ጆሮው ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ይህች ከተማ የት ናት? ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

«መስኮብ አገር።»

«ታዲያ ለምን በአማርኛ ተጻፈ?»

 

እኔን አሰሩኝ፤ ሐኪሙንም በማግስቱ አምጥተው ለየብቻ ዘጉብን። ሲመረምሩኝ «ታሪኩ የእሳቸው ነው፤ እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኳቸው» አልኩ። ይህስ እውነት ነው። ግን ሳልጠየቅ ጨመርኩበት፦ «እናንተንም ይጠላሉ።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ፈቱን። አንድ የበላይ መኮንን ቦልሼቪክ የሚባሉትን የመስኮብ አብዮተኞች የሚያጋልጥ ጽሑፍ ነው ብሎ ወዶታል አሉ። ደብተሩን ግን አልመለሱልንም።

ወደ ደሴ ዳገቱን አብረን ስንወጣ አላስችል አለኝና ያልኩትን ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እኔም ጸሐፊው ከራሱ ጨምሮበታል ብያለሁ» አሉ።

ወሩ ሳያልቅ ሐኪሙ በጭነት መኪና ወደ አሰብ ወደብ ሄዱ። ስንሰነባበት ዓይን ለዓይን አልተያየንም። እኔም ማመልከቻ መጻፌን ቀጠልኩ፤ የተበደለ ሰው ቀርቦ ጉዳዩን ሲያጫውተኝ ግን ብዙ ጊዜ «ይህንንስ ባንጽፈው ይሻላል» እል ነበር።