ልጅቷ ገባች?

ውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ውሃ ይጠፋል እንጂ ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም። የአቤቱታ ስልክ የምታነሳዋን ሴት ባልደረቦቿ «ገደል ማሚቶ» ይሏታል። የደወለ ሁሉ የገዛ ድምፁን መልሶ ያገኛላ! የሚያለቃቅስ ከደወለ ታለቃቅስለታለች፤ ባልቴት ከደወሉ ባልቴት ትሆናለች። አንዴ አንድ ጡረተኛ መኮንን ሰፈር በሚያናውጥ ድምፅ ሲያንባርቅባት፣ እሷም በዚያው ድምፅ «አቤት!» ብትለው፣ ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ አሉ። ያየው የለም፤ የሚጠራጠርም የለም። ቧንቧው ግን እስካሁን አልተጠገነም።

«እስቲ ደግሞ የአለቃን!» ይሏታል በምሳ ሰዓት። ታሰማቸዋለች፤ በሳቅ ይፈርሳሉ። «እስቲ የራስሽን!» ያላት ግን የለም። ቢላትስ ከየት ታመጣዋለች?

ልጅ ሳለች ነበራት፤ ዝግ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የማይል ድምፅ። አስተማሪዋ «አንቺ የግድግዳ ሰዓት!» እያለ አፏን በማስመሪያ ይመታት ነበር። እናቷ መትታት አታውቅም፤ እቅፍ አድርጋ «እንደ ሰው ተናገሪ፣ ልጄ» ብቻ አለቻት። ልጅቷ ደግሞ የተባለችውን እንደተባለ የምትወስድ ናትና እንደ ሰው ተናገረች፤ ፊቷ እንደቆመው ሰው ሁሉ።

እናት ሞተች። አባት፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከቀብር መልስ ቃል ሳይተነፍስ ከረመ። አንድ ምሽት ከውጭ ሲገባ ከማድ ቤት «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን በር ላይ! ወለሉን ማን ይወለውልልሃል?» የሚል ድምፅ መጣ። የሟቿ ድምፅ ነው፤ መጨረሻ ላይ የምትጨምራት ትንሽ ሳል እንኳ አልቀረችም። ልጅቷ ሽንኩርት ስትልጥ ሳታስበው ነው ያመለጣት። አባት ግን ጫማውን አወለቀ። እራትም ጠግቦ በላ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ በር ላይ ቆሞ መታዘዙን ይጠብቃል። መቃብር መሄድም ተወ። «ቤት ያለን ሰው ሜዳ ወርጄ ምን ብዬ ልፈልግ?» አለው ለጎረቤቱ። ጎረቤት ወንበሩን ወደ መውጫው ሳብ አደረገ።

አንድ ቀን አባት ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ጠየቀ፦

«እሜቴ፣ ልጅቷ ገባች?»

«ገና ናት። በሩን እንዳትዘጋው» አለ ከማድ ቤት ያ ድምፅ፣ ከነሳሉ።

ቢላዋው ከልጅቷ እጅ ወደቀ። ማነው የመለሰው? ማድ ቤት ውስጥ ከልጅቷ በቀር ሰው የለም፤ ልጅቷ ደግሞ ገና አልገባችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ በር እሷን እየጠበቀ ገርበብ ብሎ ያድራል። እሷንም አልጋዋ ላይ፣ ለእሷ በተከፈተው በር የሚገባው ንፋስ እግሯን ይበላታል።

ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ የወሰዳት ይህ ፍርሃት ነው።

«ካልገባሁ ታዲያ የት ነኝ?» አለቻት። ይህንንም የተናገረችው በጎረቤቱ ድምፅ ነበር።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ማስመሪያው፣ ስለሚኮሰኩሳት የልብስ ስፌት ሳይቀር ጠየቀቻት። «ያልፈለግሽውን ዝለይው። ሲበቃሽ እጅሽን አንሺ፣ እናቆማለን።» ብዙም ሳይቆዩ ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከፊት ለፊትም ጉሮሮ ተጠረገ። መነጽሯን ገፋ ስታደርግ፣ መነጽር የሌለበት አፍንጫ ላይ ጣት ወጣ።

«እዚህ እኔን መምሰል አይጠበቅብሽም» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ።

«እዚህ እኔን መምሰል አይጠበቅብሽም» አለች ገደል ማሚቶ፣ ቀስ ብላ።

ባለሙያዋ ዝም አለች። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ዝም ብለው ተቀመጡ። የምትቀዳው ስታጣ የልጅቷ ፊት እንደ ረጋ ኩሬ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ኩሬ ውስጥ ዝግ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የማይል፣ ዝገት የበላው ድምፅ ወጣ፦

«መብራቱ ይጮኻል።»

ማን ገባ ብለው ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

ባለሙያዋ ተነስታ እዝዝ የሚለውን አምፖል አጠፋችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ምርመራው ሲያልቅ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ነገረቻት። «እብደት አይደለም፤ ልክፍትም አይደለም። አእምሮሽ ዓለምን የሚሰማበት የራሱ መንገድ አለው። መምሰሉን ግን ያስተማረሽ ዱላ ነው፤ እንደ ጭምብል አጥልቀሽው ተሸሽገሽበት ኖርሽ። የምታወልቂው ስትፈልጊ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም።»

«ካወለቅኩት እናቴ አባዬ ላይ ሁለተኛ ትሞትበታለች።»

ባለሙያዋ አላባበለቻትም። «ትሞትበት ይሆናል» አለች። «አሁን ግን አንቺም የለሽለትም።»

ያን ምሽት አባት ገባ፤ በሩን እንደ ልማዱ ገርበብ አድርጎ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ ቆመ። ጠበቀ። ከማድ ቤት ሳል እንኳ የለም።

«እሜቴ?» አለ። ደግሞም፣ «ልጅቷ ገባች?»

«ገብቻለሁ፣ አባዬ።»

አባት ይህን ድምፅ ከሕፃንነቷ ወዲህ አልሰማውም። እግሩን እየጎተተ መጥቶ እንግዳ እንደሚታይ አያት። ከዚያ ከጀርባዋ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

«እሷስ?»

«እሷ የለችም።»

አባት ተመለሰ። ኮቴው ወደ ውጭው በር ሲሄድ ሰማች፤ ጥሏት ሊወጣ መሰላት። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ። ቁልፉ ዞረ፤ እግሯን ሲበላት የከረመው ንፋስም ቆመ።

ከዚያ አንዱ ጫማ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሁለተኛውም ተከተለ፤ አውልቅ ያለው ሰው ግን አልነበረም።