ወንድም ጋሼና ያቺ ጠብታ ውሃ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወንድም ጋሼ መድኃኒት ከዘረመል ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር የቡራዩ መንገድ ሲዘጋ ግን ቤት ዋሉና ለእኔ ብቻ ሆኑ። የሻይ ብርጭቋቸውን ሥር አርሰው ሰሃኗ ላይ ያስቀምጡትና መልሰው ሲያነሱት፣ ሰሃኗም ተጣብቃ ትነሳለች።

«አየሽ እታለም፣ ብርጭቆው ዘረመል፣ ሰሃኗ መድኃኒት ናት በይ። ሲገናኙ ብዙው ውሃ ቦታ ይለቃል፤ የቀረችው ጠብታ ግን ሁለቱንም ይዛ ታቆያለች።»

መንገዱ ሲከፈት ሰዉ እፎይ አለ፤ እኔ ከፋኝ።

ለቅሷቸው ላይ ተማሪዎቻቸው ከእኔ ብሰው አለቀሱ። ቀናሁ። የብርጭቆውን ነገር ሳነሳ አንዷ፣ «እማማ፣ ለእኛ እኮ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የጻፉልን። እስቲ ያሳዩን!» አለችኝ።

«ኤዲያ፣ አላሳይም!»

ባዶ ወንበራቸው ላይ ልትቀመጥ ስትልም፣ «ልጄ፣ እሱ ተይዟል» አልኳት።