ፀሐይ የሌለበት ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ በልጅ ልጄ በማርታ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። እናቷ ሥራ ስለነበራት እኔ ተላክሁ። በባጃጅ አምስት ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፤ ዲላን በጠዋት፣ ቸርቻሪዎቹ አናናሱን ሲደረድሩ፣ ማየት ደስ ይለኛል። ደርሼ ከኋላ ወንበር ያዝኩ። ዳይሬክተሩ የልጄ እኩያ ናቸው፤ ሪፖርታቸውን ከስልካቸው ላይ እያዩ አነበቡ። በጀቱ ለምን ለምን እንደዋለ ነገሩን። የኮሚቴ ምርጫ መቼ እንደሚሆን ነገሩን። ውጤት ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ተማሪዎቻችን ከትምህርት ገበታ አይቀሩም፤ በዚህ እንመሰገናለን። ውጤታቸው ግን እየወረደ ነው። ምክንያቱን በጥናት እንለየዋለን» አሉ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት አዛጋች። እኔ ግን አንድ ሰው በስሜ የጠራኝ ይመስል ቀና አልኩ። አይቀሩም፣ ግን አያልፉም! ይህን እንቆቅልሽ አውቀዋለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር።

ያደግኩት ከፍስሐ ገነት በእግር ሦስት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ የዚያን ጊዜ የኮሚቴ አባላት አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ፣ ገበያ ላይ አቮካዶ ከእነሱ ስገዛ አንድ ሁለት ይመርቁልኛል፣ ምርቃቱ እንዲቀርብኝ አልፈልግም። ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫችን ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ። ከጀርባው ግን፣ ከእንሰቱ በታች፣ ትምህርት ቤቱ የራሱ የቡና ማሳ ነበረው። ከመንግሥት የሚመጣው ለመምህራን ደመወዝ ነው፤ ጠመኔውም ኳሱም የሚገዛው ከዚያ ማሳ ነበር። በየዓመቱ ቀዩን ቡና እንደተለቀመ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው ይሸጡታል፣ በቃ።

አባዬ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ ይሄ አልተዋጠለትም። ቡና የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የደረቀች ፍሬ ጆሮው አጠገብ ነቅንቆ ስንት ቀን ፀሐይ እንደቀራት ይነግርሃል። ስብሰባ ጠራና «ቀዩን ለምን እንሰጣለን? አድርቀን፣ ጀንፈል አድርገን እንሽጠው፤ የተሻለ ያወጣል። በትርፉ ለልጆቻችን ዴስክ እናሠራለን» አለ። ጀንፈል ማለት ከነልጣጩ በፀሐይ የደረቀ ቡና ነው። ተጨበጨበ። በቀርከሃ የተረበረበ ረጃጅም አልጋ በግቢው ተተከለ። አልጋ ነው የሚባለው፤ የሚተኛበት ግን ቡናው ነው፤ እኛማ ቆመን ነው የምንውለው።

ቡና ሲደርቅ ዝም ብሎ አይተውም። ሲገላበጥ መዋል አለበት፤ የተበላሸው ይለቀማል፤ ደመና ሲመጣ ይሸፈናል። ጠንቃቃ እጅ አላቸው ተብለው ሰባተኛና ስምንተኛ ተመረጡ። መጀመሪያ በግብርና ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስፖርት ተጨመረ። ስፖርት ሲጨመር ሒሳብ ምን ያደርጋል? እሱም መጣ። ዳይሬክተራችን ቲቸር ታምሩ የስም መጥሪያውን ይዘው አልጋው ድረስ ይመጡ ነበር።

«አስቴር!»

«አቤት!» እላለሁ፣ እኔም ሰባተኛ ስደርስ፤ እጄ ከቡናው አይነሳም። እሳቸውም «አለች» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ውሸት አልጻፉም። ነበርኩ።

ማንም አልከፋውም። ቡናው መድረቅ ሲጀምር የሚሰጠውን ያን እንደበሰለ ፍሬ የሚጣፍጥ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ አይረሳውም፤ ንብ ሳይቀር ይመጣበት ነበር። እየዘፈንን፣ እየተቧቀስን፣ እየተሳሳቅን እንገላብጣለን። ቡና ማገላበጥ ደግሞ በእኛ አገር ሥራ እንጂ ከትምህርት መቅረት ተብሎ አይታሰብም። በጥቅምትና በኅዳር እንኳን ልጅ፣ ሽማግሌም አያርፍም። ይልቅ ለቤታቸው ቡና ብለው የቀሩ ልጆች በኮሚቴው ይቀጡ ነበር። «ትምህርት ቤት ይገኙ!» እያለ አባዬ ራሱ ቤት ለቤት ይዞር ነበር፤ እነሱም ተገኙ፣ አልጋው ዘንድ።

በመጀመሪያው ዓመት እንዳለው ሆነ። ስምንተኛ ክፍል አዲስ ዴስክ ገባለት። ዴስኩ የተሠራበትን የጽድ እንጨት ለማሽተት ብቻ በመስኮት የምንገባ ነበርን። ዓመቱ ሲያልቅ ፈተናው መጣ፤ ስምንተኛዎቹ በአዲሱ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ወደቁ። ያለፉት ጥቂት ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ ሰባተኛ ሆኜ፣ ኅዳር ላይ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር መጡ። ዝናብ የጣለ ቀን ነበር፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ። ቡናው በላስቲክ ተሸፍኖ ተኝቷል፣ እኛ ሁላችን ክፍል ገብተን እንጽፋለን። ዞረው አዩን። እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ እንዳቀርብ ተላክሁ፤ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቲቸር ታምሩና አባዬ አብረዋቸው ቆመዋል።

«መምህር አላችሁ። ዴስክ አላችሁ። የስም መጥሪያውን አየሁት፣ ልጅ የሚባል አይቀርም። ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚወድቁት?» ይላሉ።

«ወላጅ ቤት ውስጥ አያስጠናም» አሉ ቲቸር ታምሩ።

«መምህራኑስ ያስተምራሉ ወይ ይባል እንጂ» አለ አባዬ፣ ቀስ ብሎ።

ሱፐርቫይዘሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እንጃ። ወረዳው ግን ትዕግሥቱ አልቋል። እንዲህ ለሚወድቅ ክፍል መምህር ከማባክን ስምንተኛን ወደ ፍስሐ ገነት ልጠቅልል እያለ ነው። ቅዳሜ ወላጅ ሰብስቡ፤ ምክንያቱን ካመጣችሁልኝ እከራከርላችኋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው የምትወድቁት?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እስኪ እወቂልኝ» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። በሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ የሚሆነው የኔ ክፍል ነው። ፍስሐ ገነት ሦስት ሰዓት ነው፤ ደርሶ መልስ አይቻልም፤ ቤት ተከራይቶ መማር ደግሞ የወንድ ነበር። አባዬ ስለ ጎረቤት ልጅ ሲወራ «ሴት ልጅ ከተማ ብቻዋን? እኔ በሕይወት እያለሁ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስምንተኛ ከሄደ የእኔ ትምህርት አለቀ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እንሰቱ ስር ቁጭ ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር፤ የሚወድቅ ሰው ደብተር ምን እንደሚመስል ለማየት ይመስለኛል። ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ስሕተቱም ብዙ አይደለም። ቀን ግን እየዘለለ ነው። አንድ ቀን ተጽፎ፣ ስድስት ቀን ምንም፣ ሁለት ቀን ተጽፎ፣ እንደገና ምንም። ጓደኛዬ ታሪኳ ቤት ሮጬ የእሷን አየሁ፤ ቀኖቹ እንደኔው ናቸው። እንግዲህ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ግን እነዚህ ቀኖች ምን ያመሳስላቸዋል? ገበያ ቀን አይደሉም። የበዓል ቀን አይደሉም። ራሴን አሳመመኝ።

አባዬ ቆጮውን በጎመን እየበላ ሳለ ደብተሩን ከፊቱ አደረግኩ።

«አባዬ፣ እነዚህን ቀኖች እያቸው እስኪ። ምን ነበሩ?»

«የሰው ምግብ ላይ ደብተር ይቀመጣል?» አለ፤ ግን እጁን ጠረገና ወሰደው። መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ እንደሚያደርገው ጣቱን ከቀኑ ስር አስኬደ። «ይሄ… ይሄ ሌሊት ጀምሮ የዘነበው ነው፣ ላስቲኩን ነፋስ የወሰደብን ቀን። ይሄ ጉም የዋለበት። ይሄን ሁለቱን ቀን አልጋውን አልከፈትነውም፣ ሻጋታ ይይዘዋል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ይሄም ዝናብ…»

ገጽ ገለጠ። ሌላ ገለጠ። ጣቱ ቆመ።

«ፀሐይ የነበረበትስ ቀን? የት ነው የጻፍሽው?»

«የለም አባዬ።»

«እንዴት የለም? ትምህርት ቤት አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። አልጋው ዘንድ።»

ደብተሩን ይዞት ቀረ። ቆጮው ቀዘቀዘ። እናቴ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ሳህኑን አነሳች። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። ያወቅኩት ነገር አባቴን እንደሚያዋርደው የገባኝ ከነገርኩት በኋላ ነበር። ሐሳቡ የሱ ነው፣ ጭብጨባውም የሱ ነበር። ቅዳሜ ዝም ቢልስ? ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፤ ከትምህርት የምቀረው ግን እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ግቢው በሰው ሞላ። ፀሐይ ነበር፤ ቡናው አልጋው ላይ ያበራል። ከሽማግሌ ፊት ልጅ አይናገርምና እኛ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ሱፐርቫይዘሩ ጠየቁ። አንዱ መምህሩን ወቀሰ፣ አንዱ መጽሐፍ የለም አለ። አባዬ ተነሳ። ከኮቱ ውስጥ ደብተሬን አወጣ።

«ይሄ የልጄ ደብተር ነው» አለ። «አየሁት። ፀሐይ የሚባል የለበትም። ዘንቦ እኛ ቡና ስንሸፍን ልጆቹ ተማሩ፤ ፀሐይ ሲወጣ ትምህርታቸውን ዘጋን። ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቡናውን ሳደርቅ ልጆቹንም አብሬ አደረቅኋቸው።»

ከዚያ ከሴቶቹ ወገን አንዷ «ታዲያ ማን ያገላብጥ? የራሳችንን ቡና የሚለቅምልን አጣን እኮ!» ብላ ጮኸች።

«በተራ እንግባ» አለ አባዬ። «ተራ የሌለው ቀን እኔ አለሁ።»

ሱፐርቫይዘሩ እርሳሱን ከጆሯቸው አንስተው ጻፉ። «ወረዳው አንድ ዓመት እንዲታገሥ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ በእናንተ እጅ ነው» አሉ። ሲወጡ ወደ እኔ አየት አድርገው «አወቅሽልኝ» አሉ።

ተራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልሠራም። ሁሉም የራሱ ቡና ነበረው። በመስኮት ስመለከት ብዙውን ቀን አልጋው አጠገብ የማየው አንድ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያገላበጠ፣ ብቻውን። የራሱን ቡና እናቴ ትለቅም ነበር፤ ስለዚያ ዓመት ስታነሳ እስክትሞት ድረስ ታጉረመርም ነበር። አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ አልጋ አይደርስም፤ ከቡናው ከፊሉ ሻገተ። የሰባተኛ ክፍል ዴስክ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለው ምርጫ አባዬን ማንም ሊቀመንበር አላደረገውም። ደብተሬ ግን በፀሐይ ሞላ። ስምንተኛም ከመንደራችን አልሄደም፤ ተቀምጬ ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ከኔ በኋላ የመጡት ሴቶች ልጆችም እዚያው ተፈተኑ። ለዘጠነኛ ከተማ መሄድ ነበረብኝና አባዬ እዚያ ላይ አልተበገረም፤ ቀሪውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። አልፎ አልፎ እቀየመዋለሁ። ቶሎ ብሎ ግን ያ ባርኔጣ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ከስብሰባው እንደተመለስኩ ማርታን ጠራኋት።

«ደብተርሽን አምጪ።»

«የትኛውን እማማ?»

«ሁሉንም።»

መኝታዬ ላይ ዘርግቼ መነጽሬን አደረግኩ። እሷ እየሳቀች ከአጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡንም ፀሐዩንም ሞከርኩት፤ አልሆነም። ከዚያ የሳምንቱን ቀን ስቆጥር ነገሩ ብቅ አለ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በየትኛውም ደብተር ላይ የለም።

«ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የት ናችሁ?»

«ክፍል ነን እማማ። ቁጭ ብለን።»

«ምን ትማራላችሁ?»

«አንማርም። ቲቸሮቹ ስብሰባ ናቸው።»

«የምን ስብሰባ?»

«ውጤታችን ለምን እንደወረደ ነው የሚሰበሰቡት» አለች፤ ቀለል አድርጋ፣ እንደሚታወቅ ነገር።

ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ልጅቷ ምን እንደሆንኩ ግራ ገባት። እነዚያን መምህራን አልፈርድባቸውም፤ እነሱም እንደ አባዬ ለልጆቹ ብለው ነው። ሰው የወደደውን ነገር ሲያሳድድ ምን እንደረገጠ አያይም፤ ሌላ ሰው ደብተር ይዞ ፊቱ ማስቀመጥ አለበት። ማስቀመጡም ይከብዳል፤ ያንን የሐሙስ ቆጮ አልረሳሁትም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ወር ሲያልቅ ነው ብለውናል። ደብተሮቹን በፌስታል አድርጌ ከበሩ ኋላ ሰቅያቸዋለሁ፤ ማርታ ጠዋት ጠዋት ወስዳ ማታ ትመልሳቸዋለች። በዚያ ቀን ከኋላ ወንበር አልቀመጥም።