«ተንኳሽ» ብዬ የጻፍኳት ሴት

«እናቴን ‹ተንኳሽ› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?» ሲል አንድ ጎልማሳ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል አስቆመኝ።

እኔ ነኝ አልኩት።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ ተልኬ ደብረ ኤልያስ ሳስተምር፣ ሽማግሌዎች የደም ዕርቅ ቃለ ጉባኤ አጽፈውኝ ነበር።

ከዕርቁ በፊት እናቱ በተገደለው ታላቅ ወንድሟ ለቅሶ ላይ ወደ ታናሽ ወንድሟ ዞራ፣ «ቀሚሴን ልበስና ምንሽሩን ስጠኝ» ብላ ሙሾ አወረደች። ታናሽየው በሳምንቱ ገዳዩን ገደለ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይህ የእህት ወግ ነው፤ ዝም ብትል ነበር የምትታማው» ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን «ተንኳሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ በጉባኤው ፊትም ተነበበ። (ያኔ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ለሁሉም ነገር ስም ያለው ይመስለዋል።)

«ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይ ድምፅ አውጥታ አታውቅም፤ አባቴ ሲሞት እንኳ» አለኝ ልጇ። «ዛሬ ቢሆን ያንኑ ቃል ይጽፉት ነበር?»

ከሙሾዋ በኋላ ሰው ሞቷልና «አልጽፍም» ማለት አልቻልኩም። «እጽፋለሁ» እንዳልልም ዝምታዋን ነግሮኛል፤ «ወደ እሷ ውሰደኝ» አልኩት።

ወዳጆቼ፣ በየአገራችሁ በሙሾዋ ወንድሟን ያስነሣች እህት ምን ትባላለች? ያያችሁትን ጻፉልኝ። እናቱ በሕይወት አለች፤ ነገ ቤቷ ይዞኝ ሊሄድ ነው።